ጠብታዋን ስንጠብቅ

በጨዋ ሰው ፊት የማይጠሩ ቃላት አሉ፤ ሽንት አንዱ ነው። እናታችን «ውጭ ልውጣ» እንድንል እንጂ ቃሉን እንድንጠራው አትፈቅድልንም ነበር። ዳሩ ግን በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተኛሁበት ክፍል አንዲት ነርስ ከአልጋዬ ጎን የተንጠለጠለውን ከረጢት ከፍ አድርጋ፣ «አዩት? ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ነው ያደረው» ስትለኝ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ደሜን በማሽን እያሳጠብሁ በኖርሁበት ዘመን የራሴ የምለው ጠብታ ከጠፋብኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። ያን ሌሊት ያጣራው ኩላሊትም የእኔ አልነበረም፤ የታላቅ እኅቴ የእታለም ነበር።

ካገገምሁ በኋላ ከእኔ አስቀድሞ ይህችን ጠብታ የጠበቁት እነማን እንደ ነበሩ ለማወቅ ጓጓሁና የቻልሁትን ያህል አነበብሁ። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አበው ኩላሊትን ከልብ ጋር አጣምረው የሰው ምስጢር መደበቂያ ያደርጉታል። ለሐኪም ግን ኩላሊት ወንፊት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ የሚጣለው አንድ ተኩል ሊትር ቢሆን ነው፤ የቀረውን ወደ ደም ይመልሱታል። ሥራቸው መድከሙ የሚታወቀው ክሬያቲኒን በሚባለው፣ ከጡንቻ በሚወጣ ጥራጊ መጠን ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ዴሲሊትር ደም አንድ ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። የእኔ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ 11 ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመርፌና ክር ነው። የተቆረጠን የደም ሥር ሳያፈስና ሳይደፈን መስፋት እስኪቻል ድረስ ማንም ኩላሊት ሊተክል አይችልም ነበር። ይህን ብልሃት ያስገኘው አሌክሲስ ካሬል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ የስፌቱን ርቀት ከሊዮን ከተማ ጥልፍ ሠሪ ተማረ ይባላል። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ካሬል ከውሻ ያወጣውን ኩላሊት ለዚያው ውሻ መልሶ ሲሰፋለት ኩላሊቱ ይሠራል፤ ለሌላ ውሻ ሲሰፋው ግን ጥቂት ሰንብቶ ይሞታል። ስፌቱ ያው ነው። ካሬል ምክንያቱ ከስፌቱ ውጭ መሆኑን ተረድቶ ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ግን መልስ አላገኘለትም።

በሰው ላይ የመጀመሪያውን የሰው ኩላሊት የተከለው የዩክሬኑ ዩሪ ቮሮኖይ ነው። በ1933 ኬርሶን ከተማ ውስጥ አንዲት የ26 ዓመት ሴት ራሷን ለማጥፋት የሜርኩሪ መርዝ ጠጥታ ኩላሊቶቿ ቆመው ነበር። ቮሮኖይ ከሞተ ስድስት ሰዓት ያለፈውን የአንድ የ60 ዓመት ሰው ኩላሊት ወስዶ ከጭኗ የደም ሥር ጋር አያያዘው። የደም ዓይነታቸው እንኳ አይገጥምም ነበር። ጥቂት ሽንት ታየ፤ በሁለተኛው ቀን ሴቲቱ አረፈች።

ልብ የሚነካው የፓሪሱ ነው። በ1952 መገባደጃ ላይ ማርዩስ ሬናር የተባለ የ16 ዓመት አናጢ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ ኩላሊቱ ተቀደደና ሐኪሞች አወጡት። ልጁ ከተፈጥሮው አንድ ኩላሊት ብቻ የነበረው መሆኑ የታወቀው ከወጣለት በኋላ ነበር። እናቱ የራሷን እንዲወስዱላት ለመነች። ፕሮፌሰር ዣን ሀምበርገር በሚመሩት በኔክር ሆስፒታል በፈረንጆች ገና ዋዜማ ተተከለለት። ኩላሊቱ ወዲያው ሥራ ጀመረ፤ ልጁም ቀና አለ፤ የፈረንሳይ ሕዝብ በየጋዜጣው ይከታተለው ነበር። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ሽንቱ በድንገት ቆመ። ማርዩስ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የእናት ሥጋ እንኳ ለልጅ አካል ባዳ ሆኖ ተገኘ።

ባዳነትን የሚለየው ምን እንደ ሆነ ያስረዳው እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተቃጠሉ ሰዎች የሌላ ሰው ቆዳ ሲለጠፍ፣ የመጀመሪያው ቆይቶ ሲረግፍ ከዚያው ሰው ዳግመኛ የተወሰደው ግን ፈጥኖ እንደሚረግፍ አስተዋለ። የሰውነት ዘብ ጠላቱን ያስታውሳል ማለት ነው። እንግዲያው ዘቡ የማይለየው ሥጋ ቢገኝስ?

ይህ ሥጋ በ1954 ቦስተን ውስጥ ተገኘ። ሪቻርድና ሮናልድ ሄሪክ የ23 ዓመት መንትዮች ነበሩ። ሪቻርድ በኩላሊት በሽታ ሊሞት ተቃርቧል። ሐኪሞቹ መንትዮቹ ፍጹም አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ የጣት አሻራቸውን ሳይቀር ፖሊስ ጣቢያ ወስደው አስመረመሩ፤ የአንዱን ቆዳ ለሌላው ለጥፈውም ሳይረግፍ መቆየቱን አዩ። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሪቻርድ በወረቀት ጽፎ ወንድሙን ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገረው። ሮናልድም እንደማይሄድ ጽፎ መለሰለት።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። በዋዜማው ማታ እኔም፣ «እታለም፣ ይቅርብኝ፤ ልጆችሽ ዘንድ ሂጂ» ብያት ነበር። እሷም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ዝም ብለህ ተኛ። ከዚህ የምሄደው ካንተ ጋር ነው» አለችኝ።

ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ጆሴፍ መሪ የሮናልድን ኩላሊት ለሪቻርድ ተከለ። የደም ሥሩ ማሰሪያ ሲላላ የገረጣው ኩላሊት ቀላ፤ ሽንቱም ከወለል ላይ እስኪወለወል ድረስ ፈሰሰ። ሪቻርድ አገግሞ ስታስታምመው የነበረችውን ነርስ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለደ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን የቀድሞው በሽታ የወንድሙንም ኩላሊት በላውና በ1963 ሞተ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ኖሮ በ79 ዓመቱ አረፈ። መሪ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መንታ ለሌለን ለእኛ የቀረው መንገድ ዘቡን በመድኃኒት ማለዘብ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዛታዮፕሪን ከፕሬድኒሶን ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ጀመር፤ ከሬሳ የተወሰደ ኩላሊትም መሥራት ቻለ። እንዲህ ያለው ኩላሊት ግን አንዳንዴ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አንቀላፍቶ ስለሚቆይ እስኪነቃ ድረስ የማሽን እጥበቱ አይቋረጥም። ቀጥሎ ከኖርዌይ ደጋ ከመጣ አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ የተገኘ ፈንገስ ሳይክሎስፖሪንን አስገኘ። በስዊዘርላንድ የሳንዶዝ ኩባንያ ውስጥ ዣን ቦሬልና ባልደረቦቹ ጠባዩን አጠኑት፤ ከ1983 ወዲህ በሰፊው ተሠራጨ። የሚያስገርመው ግን፣ ኩላሊቱን ከዘቡ የሚያድነው ይኸው መድኃኒት ከመጠን ካለፈ ራሱ ኩላሊቱን መጉዳቱ ነው። ስለዚህ መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ ይሰጣል።

በአገራችን ንቅለ ተከላው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የቅርብ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው፣ ወይም እድርና ዘመድ አዝማድ ያዋጣለት፣ ወደ ሕንድ ይሄድ ነበር። ሌላው ባለበት ይቀራል።

የእታለም ኩላሊት በሆዴ ታችኛ ክፍል በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤ ሁለቱ የራሴ ደካሞች ከነበሩበት አልተነሡም። ክሬያቲኒኑ በማግስቱ 6፣ በሦስተኛው ቀን 2.1፣ በሳምንቱ 1.3 ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ 2.4 ወጣ። ከረጢቱም ቀለለ። በመርፌ ከኩላሊቱ ቅንጣት ወስደው መረመሩና ዘቡ ነቅቶ መሆኑን ነገሩኝ። ያን ጊዜ የማርዩስን ታሪክ አለማንበቤ በጀኝ። የማርዩስ ሐኪሞች በእጃቸው ያልነበረው መድኃኒት ለእኔ ሦስት ቀን በደም ሥር ተሰጠኝ፤ ቁጥሩም ወደ 1.4 ወረደ። በእኔና በዚያ አናጢ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት የዘመን ነው እንጂ የመመረጥ አይደለም።

ሰዎች «ዳንህ» ይሉኛል። እኔ ግን ቃሉን ለመቀበል አመነታለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መድኃኒቴን እውጣለሁ፤ የሰውነቴን ዘብ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እለማመጠዋለሁ ማለት ነው። ሪቻርድ የኖረውን ስምንት ዓመት እኔም ሞላሁት። ቀድሞ ቁጥሩ ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ትዳርና ሁለት ልጆች እንደሚገቡ ከእሱ ተምሬያለሁ።

እታለም ክሬያቲኒንን በትምህርት ቤት አልተማረችም። በእሷ ዘንድ የቀረው አንዱ ኩላሊት ገዘፍ ብሎ የጓደኛውን ሥራ ደርቦ እንደሚሠራ ሐኪሙ ነግሯታል፤ «እንደኔ ነዋ» ብላ ስቃለች። ምርመራ ባለኝ ቀን ሁሉ ግን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ይጮኻል።

«ስንት አለ?»

«አንድ ነጥብ ሦስት።»

«ደግ። ውኃ ጠጣ» ትለኝና ትዘጋዋለች።