እንጥልና ምላጭ

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች አንዱ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሲመለስ «ቃፍ»ን ማውጣት አቃተው። ድምፁ በአፍንጫው ይሾልካል። እናቱን ብጠይቃት «ኡስታዝ፣ እንጥሉ ወርዶበት አስቆረጥነው፤ ከዚያ ቁስሉ መግል ያዘና ሆስፒታል ገባ» አለችኝ። ነገሩ አላስተኛ ብሎኝ ኪታብ ማገላበጥ ጀመርኩ።

የተጅዊድ ዑለማእ «ቃፍ»ንና «ካፍ»ን «ለሀዊያ» እንደሚሏቸው ታውቃላችሁ። «ለሃት» በዐረብኛ እንጥል ማለት ነው። ስያሜው በ8ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) የነበሩት የቋንቋ ሊቅ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ዘንድ ይገኛል። እንግዲህ «ካልተቆረጠ አብጦ ልጁን ያንቀዋል» እየተባለ በምላጭ የሚወገደው ሥጋ፣ እኛ መምህራን የፊደል መውጫ የምናሳይበት ምልክት ነው።

የሕፃናት ጉሮሮ ጉዳይ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ነበረ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ) ጉሮሮውን የታመመ ልጃቸውን ይዘው መጡ። በጊዜው ልማድ እናቶች ያመመውን ቦታ በጣት ይጫኑት ነበር፤ እርሳቸውም ይህንኑ አድርገው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን በዚህ ማሠቃየትን ነቅፈው በሕንድ ዑድ እንዲታከሙ መከሩ። ልብ በሉ፣ የተነቀፈው በጣት መጫን ነው። ምላጭ ገና አልተነሳም።

ወደ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በአንደሉስ፣ ቁርጡባ አጠገብ የኖሩት ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ 30 ክፍል ያለውን «አት-ተስሪፍ» ጻፉ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን 200 ያህል መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበውበታል። እንጥልም የራሱ ምዕራፍ አለው። ቀልቶና ወፍሮ ያበጠ እንጥል ብረት እንዳይነካው፣ ረዝሞና ቀጥኖ መቁረጥ ግድ ቢሆን እንኳ ከተፈጥሮው መጠን ያለፈው ብቻ እንዲነሳ፣ ከዚያ ከተላለፈ ድምፅና ንግግር እንደሚበላሽ ያስጠነቅቃሉ። የተማሪዬን «ቃፍ» ያዩ ይመስላሉ! ይህ ክፍል በ12ኛው ምእተ ዓመት ቶሌዶ ውስጥ በጄራርድ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ቀዳጆች ለዘመናት ተማሩበት። እኛም በአል-ዘህራዊ መኩራት እንወዳለን፤ እኔም ሰው ፊት ስማቸውን እጠራለሁ። ማስጠንቀቂያቸው ግን ሰፈራችን አልደረሰም።

ሆኖም ቁስል ለምን እንደሚመግል አል-ዘህራዊም አላወቁም፤ ጀርም ገና አልታወቀም ነበርና። በ1847 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ዜመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያዝ ብዙዎቹ ተቆጡ፤ እጃችን ንጹሕ ነው አሉ። በ1867 ደግሞ ሊስተር ቁስልንና መሣሪያን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት መግል እንደሚቀንስ ጽፎ አሳወቀ።

አፍ ከሰውነታችን ሁሉ ጀርም ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንጥል ሲቆረጥ ቁስሉ በፋሻ አይታሰር፤ ምራቅና ምግብ ያልፍበታል። ምላጩ ከሌላ ልጅ አፍ የመጣ ከሆነ የዚያን ልጅ ደም ይዞ ይመጣል፤ ኤች አይ ቪም፣ የጉበት ቫይረስም በዚህ መንገድ ይተላለፋል፣ መንጋጋ ቆልፍም ያሰጋል። መግሉ በአንገት ውስጥ ወደ ደረት ሊወርድ፣ እብጠቱም መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል።

ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ነገሩ ቀላል አይደለም። ዕንቅርት በንጹሕ ቆዳ በኩል ሲወጣ ቁስሉ እምብዛም አያመረቅዝም። ካንሰር ለማውጣት አፍና አንገት ተያይዘው ሲከፈቱ ግን ምራቅ ወደ ቁስሉ ስለሚገባ አደጋው ይበረታል። ስለሆነም ሐኪሞች ቢላ ከማረፉ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መግል የሚይዝ ከሆነ፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ በምላጭ የሚቆርጠውማ እንዴት ይሆናል? ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን ያስቀጣል።

ቤታችሁ አንገቱን የተቀደደ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ የቡና ዱቄት አታድርጉ። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ወደ ቀደደው ሐኪም መልሱት። መተንፈስ ካቃተውማ ደቂቃም አትጠብቁ።

የዚያ ልጅ ታናሽ እህት ባለፈው ክረምት ጉሮሮዋን ታመመች። አያቷ ቆራጭ ይጠራ አሉ። እናትየዋ ግን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ አፏን በባትሪ አይተው የቶንሲል ሕመም ነው ብለው መድኃኒት አዘዙላት። ይህ ሕመም በወጉ ካልታከመ ልብን ሊጎዳ እንደሚችልም ነገሯት። አሁን ልጅቷ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ ትቀራለች፤ «ቃፍ»ንም እሷ ናት የምታሳየው።