የሄሪንግ ዓሣ ሠራተኞቹ ሴቶችና የኔስ መንደሮች ትዝታ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ሉዊስ የምትባል ደሴት አለች። የሰሜን ጫፏ ኔስ ይባላል። ነፋስ የማይለየው፣ ዛፍ እንደ ልብ የማይበቅልበት አገር ነው። ሕዝቡ ከአነስተኛ እርሻና ከባሕር በሚያገኘው ኖሯል። እኛ የማኅበራችንን ሒሳብ የምንይዝ ሴቶች በመዝገብ የምናምን ብንሆንም፣ የኔስ ሴቶችን ታሪክ ስናነብ ከመዝገብ ውጭ የቀረው ብዙ ሆኖ አገኘነው።

ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የሉዊስ ልጃገረዶች ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ እየተከተሉ ይሠሩ ነበር። ዓሣው በሞቃቱ ወራት በሰሜን፣ በሼትላንድ ደሴቶች አካባቢ ይጠመዳል። ከዚያ አጥማጆቹ ምሥራቃዊውን የባሕር ዳርቻ ይዘው እየወረዱ በጥቅምትና በኅዳር እንግሊዝ አገር ግሬት ያርመዝ ይደርሳሉ። ሴቶቹም ልብሳቸውን በእንጨት ሣጥን ይዘው በመርከብና በባቡር ይከተላሉ።

ሥራው በሦስት ሦስት ሴቶች ቡድን ነበር። ሁለቱ በአጭር ቢላዋ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ያወጣሉ። ሦስተኛዋ ዓሣውን ከጨው ጋር በርሜል ውስጥ ትደረድራለች። የበርሜሉ ታች ድረስ መድረስ ስላለባት ብዙ ጊዜ ለዚህ የምትመረጠው ረጅሟ ናት። የለመደች ሴት በአንድ ደቂቃ ከ30 በላይ ዓሣ ታጸዳለች። ቢላዋው እንዳይቆርጣቸው ጣቶቻቸውን በጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይጠቀልላሉ፤ ያም ሆኖ ይቆረጣሉ፣ ጨውም ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ዓሣ በሌለ ሰዓት እጃቸው አያርፍም፣ መንገድ እየሄዱ እንኳ ሹራብ ይሠራሉ።

አሠሪው ወቅቱ ሳይጀመር ቀብድ ይሰጣል። ቀብዱን የተቀበለች ልጅ ለዚያ ወቅት የእርሱ ሠራተኛ ሆነች ማለት ነው። የቁርጥ ክፍያው በሞላው በርሜል ልክ ይሰላና ለሦስቱ ይከፈላል። በቡድን ቆጥበን በቡድን የምንበደር ሴቶች ስለሆንን፣ አንዷ ጣቷ ሲመረቅዝ የሌሎቹ ሁለቱ ጭንቀት ምን እንደሚመስል ለመገመት አይከብደንም።

የአሠሪው ደብተር በርሜሉን፣ ጨውን፣ ቀብዱንና ደመወዙን ይይዛል። ዋሸ አንለውም፤ የተፈለገበት ይኸው ነበር። የእኛም ደብተር ቢሆን ቁጠባና ብድር እንጂ ሌላ አይናገርም።

የመንግሥት መዝገብ ደግሞ ሰውን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የሚጽፈው። በኔስ ማክሊዮድና ሞሪሰን የሚባሉ ቤተሰቦች ስለሚበዙ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። በመንደሩ ግን ሰው የሚታወቀው በጌሊክ ቋንቋ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ይህን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ማብራራት አያሻንም። የዘር ሐረጉን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የትኛዋ ሜሪ ያርመዝ ሄዳ እንደነበረች ከወረቀት ብቻ መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. የ1872ቱ የስኮትላንድ የትምህርት ሕግ ለጌሊክ ቦታ አልሰጠም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ትዝታቸውን የያዙት ትምህርት ቤት ችላ ባለው ቋንቋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 የኔስ ሰዎች የራሳቸውን የታሪክ ማኅበር አቋቋሙ። ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር ከመንግሥት በተገኘ ገንዘብ የአካባቢው ወጣቶች ተቀጠሩና ቤት ለቤት እየዞሩ የአረጋውያንን ትዝታ ሰበሰቡ፤ የቀዱትም አለ። ፎቶግራፎችን አሰባሰቡ፣ በእያንዳንዱ የእርሻ ይዞታ ላይ ማን ከማን ተወልዶ እንደኖረ ጻፉ። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከ1951 ጀምሮ ዘፈንና ተረት ሲቀዱ ቆይተው ነበር፤ ሥራቸውም ታላቅ ነው። ነገር ግን እዚያ ቤት ማን ይኖር ነበር፣ ልጅቷስ የማን ልጅ ነበረች ብሎ ለመጠየቅ የመንደሩ ልጅ መሆን የሚረዳ ይመስለናል። ለጋሾቻችንም ይህችን ነገር ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፦ ያ ገንዘብ የሰው ደመወዝ የከፈለ ገንዘብ ነበር።

በመጠየቅ ብቻ የማይገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1919 ሌሊት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ መርከበኞችን ወደ አገራቸው ይመልስ የነበረው ዮላሬ የተባለ መርከብ ስቶርኖዌይ ወደብ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከዐለት ጋር ተጋጨ። ከ280 ያህል ሰዎች 201 ሞቱ። የኔሱ ጆን ፊንሌይ ማክሊዮድ ገመድ ይዞ ዋኝቶ ከዳር ስለደረሰ፣ 40 ያህል ሰዎች በዚያ ገመድ ተርፈዋል። እናቶችና ሚስቶች እሳት አንድደው፣ ምግብ አዘጋጅተው እየጠበቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በደሴቷ ስለዚያ ሌሊት አይወራም ነበር፤ ልጆችም እንዳይጠይቁ ያውቁ ነበር።

የታሪክ ማኅበሩ ዛሬም አለ፣ ቤቱም የቀድሞው የክሮስ ትምህርት ቤት ነው። ከኔስ ቀጥሎ ሌሎች የሉዊስ ወረዳዎችና አጎራባች ደሴቶችም የየራሳቸውን አቋቁመዋል። አያቶቻቸው ወደ ካናዳ የተሰደዱባቸው ሰዎችም ቤተሰባቸው የትኛው መሬት ላይ ይኖር እንደነበር ለማወቅ እነዚህን የየይዞታውን መዝገቦች ያገላብጣሉ።