የኤሚትስበርግ ነፃ ትምህርት ቤት ዜና መዋዕል

ኤሚትስበርግ በሰሜን አሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከፔንስልቬንያ ወሰን አጠገብ፣ በካቶክቲን ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ1785 ሳሙኤል ኤሚት በተባለ አየርላንዳዊ ስደተኛ መሬት ላይ ተቆርቁራ ስሟን ከእርሱ ወሰደች፤ ነዋሪዋ ዛሬም 3 ሺህ አይሞላም። (በዚህ ዜና የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህች ከተማ በ1810 የተከፈተው የቅዱስ ዮሴፍ ነፃ ትምህርት ቤት ከጥቂት የገበሬ ልጆች ተነሥቶ በአሜሪካ ለካቶሊካውያን የልጆች ትምህርት አርአያ ሆኖ ተቆጠረ፤ ታሪኩም ከአንዲት መበለት ታሪክ የማይለይ ስለ ሆነ ዜናው ሁለቱን አያይዞ ይሄዳል።

አስቀድሞ ግን የአገሩ ሕግ ይነገር። ሜሪላንድ በ1634 በካቶሊካዊው በካልቨርት ቤት ባለርስትነት ስትቆረቆር በእንግሊዝ የተገፉ ካቶሊካውያን የሚጠለሉባት ምድር እንድትሆን ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ1689 በተነሣው የፕሮቴስታንቶች ዓመፅ የካልቨርት ቤት አገዛዝ ወደቀ፤ በ1704 የወጣው ሕግም ካህናት በይፋ እንዳይቀድሱና ካቶሊካውያን ትምህርት ቤት ከፍተው ልጅ እንዳያስተምሩ ከለከለ። ስለዚህ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ባሕር አሻግሮ ይሰድድ፣ አቅም የሌለው ደግሞ በቤቱ ባለችው ጥቂት እውቀት ያሳድግ ነበር። በ1735 በዚያው በሜሪላንድ የተወለዱት፣ ኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያ ካቶሊካዊ ጳጳስ የሆኑት ጆን ካሮልም ትምህርት ፍለጋ በፈረንሳይ ምድር ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ኦሜር ኮሌጅ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ነፃነት ታውጆ ሕጉ ከተሻረ በኋላ ካሮል በ1789 የባልቲሞር ጳጳስ ሲሾሙ ትልቁ ጭንቀታቸው ይኸው የትምህርት ነገር መሆኑ ከራሳቸው ሕይወት የመጣ ነበር። ወንዶቹን የሚያስተምሩ ሰዎች በ1791 ከፈረንሳይ ተገኙ፤ እነርሱም የሱልፒስ ካህናት የሚባሉት፣ ዋና ሥራቸው ዘርአ ክህነት ማለትም የካህናት ማሠልጠኛን መምራት የሆነ ማኅበርተኞች ናቸው፤ የፈረንሳይ አብዮት ከአገራቸው አሳድዷቸው ወደ ባልቲሞር መጡ። ለድኻ ሴቶች ልጆች ግን አስተማሪ አልተገኘም ነበር።

በዚያም ዘመን በኒው ዮርክ ከተማ ኤልሳቤጥ ቤይሊ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በ1774 የተወለዱት የወደቡ ጤና ሹም ከሆኑት ከሐኪሙ ከሪቻርድ ቤይሊ ሲሆን፣ ያደጉትም በኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በወጣችው በአሜሪካዊቱ እምነት ነው። በ1794 የነጋዴ ልጅ ዊልያም ሴተንን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ነገር ግን የሴተን ቤት ንግድ ከሰረ፤ ባልየውም የሳንባ ነቀርሳ ጠናባቸው። በ1803 ጤና ፍለጋ ወደ ጣልያን በመርከብ ቢሻገሩ፣ ኒው ዮርክ የቢጫ ወባ አገር ናት ተብሎ በሊቮርኖ ወደብ በላዛሬቶ ተዘጋባቸው፤ ላዛሬቶ ማለት ከበሽታ አገር የመጡ መንገደኞች ከሕዝብ ተለይተው የሚቆዩበት ቤት ነው። በዚያ ቀዝቃዛ የድንጋይ ቤት አንድ ወር ያህል ቆይተው ሲወጡ ዊልያም ሴተን በጥቂት ቀን ውስጥ በፒዛ አረፉ። መበለቲቱን ያስጠጉት የፊሊኪ ቤተሰብ ነጋዴዎች ካቶሊካውያን ነበሩ፤ እርሳቸውም የእነዚያን ሰዎች ጸሎትና ኑሮ አይተው ልባቸው ስለ ተነካ፣ ወደ ኒው ዮርክ ከተመለሱ በኋላ በማርች 14 ቀን 1805 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ብዙ ዘመድና ወዳጅ በዚህ ነገር ተቀየማቸው፤ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ትምህርት ቤት ለመክፈትና አዳሪ ተማሪ ለማኖር ቢሞክሩም በከተማው በነበረው ጥላቻ ምክንያት አልሰመረላቸውም።

ከዚህ በኋላ የባልቲሞሩን የቅድስት ማርያም ኮሌጅ የሚመሩት የሱልፒሱ ካህን ዊልያም ዱቡርግ ጠርተዋቸው በ1808 ወደዚያ ሄዱ፤ በፓካ ጎዳናም ለሴቶች ልጆች ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በማርች 25 ቀን 1809 በሊቀ ጳጳሱ በካሮል ፊት የንጽሕናና የመታዘዝ ቃል ኪዳን ገቡ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እናት ሴተን ተባሉ፤ ይህም በእኛ አገር እማሆይ እንደሚባለው ያለ የማዕርግ ስም ነው። በዚያው ወራት ሳሙኤል ኩፐር የተባለ፣ ሀብቱን ትቶ ለክህነት የሚማር የፊላዴልፊያ ሰው፣ ለድኾች ልጆች ትምህርት እንዲውል ገንዘብ ሰጠ፤ በገንዘቡም በኤሚትስበርግ አጠገብ 269 ኤከር፣ ማለትም ወደ ሦስት ጋሻ የሚጠጋ እርሻ ተገዛ። ቦታው ከባልቲሞር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከበላዩ ባለው ተራራ ላይ ሌላው ፈረንሳዊ ካህን ጆን ዱቧ በ1808 የመሠረቱት የቅድስት ማርያም ተራራ ኮሌጅ ነበረ።

በጁን 1809 እናት ሴተንና የመጀመሪያዎቹ ባልንጀሮቻቸው ሸራ በለበሰ ሠረገላ ዕቃቸውን ጭነው፣ የመንገዱንም ብዙ ክፍል በእግራቸው ተጉዘው ደረሱ። ቤታቸው ገና ስላልተሰናዳ አባ ዱቧ የተራራ ጎጇቸውን ለቀቁላቸው፤ በጁላይ 31 ቀን የድንጋይ ቤት ወደሚባለው ወደ እርሻው አሮጌ ቤት ወረዱ፤ የመሠረቱት የእህቶች ማኅበርም ልደቱን ከዚያ ቀን ይቈጥራል። ቤቱ አራት ክፍል ነበረው፤ የገቡበት ነፍስ ግን 16 ነበር። ክረምት ሲመጣ በረዶ በጣራው ስንጥቅ እየገባ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ይወርድ ነበር፤ ቡና ስለ ታጣም ካሮት ቆልተው አፍልተው ይጠጡ ነበር፤ ለቡና አገር ሰው ይህ ከበረዶው ይልቅ የሚከብድ ድኽነት ነው። አብረዋቸው የመጡት የባላቸው እህቶች፣ ሐሪየት በዲሴምበር 1809፣ ሴሲልያም በተከታዩ አፕሪል አረፉ።

በፌብሩዋሪ 1810 የማኅበሩ እህቶች ነጩ ቤት ወደሚባለው፣ ቅዱስ ዮሴፍ ተብሎ ወደ ተሰየመው አዲስ ቤት ገቡ፤ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን በአካባቢው ለሚኖሩ ድኾች ሴቶች ልጆች ትምህርት ተጀመረ። ነፃ ትምህርት ቤት መባሉ የሚማሩት ልጆች ክፍያ አይጠየቁም ለማለት ነው። የሚሰጠውም ትምህርት ንባብ፣ ጽሕፈት፣ የቃላት አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ የመርፌ ሥራና ትምህርተ ክርስቶስ ነበረ፤ ትምህርተ ክርስቶስ ማለት የሃይማኖት መሠረት በጥያቄና መልስ የሚጠናበት ትምህርት ነው።

ነገር ግን ነፃ የሚባል ነገር ሁሉ የሚከፍልለት አለ። የኩፐር ስጦታ መሬት ገዛ እንጂ ዳቦ አልገዛም፤ አዲሱም ቤት ዕዳ ነበረበት። ስለዚህ በሜይ 1810 ከፍሬድሪክ ከተማ የመጡ የባለጠጎች ልጆች በክፍያ ተቀበሉ፤ እነዚህ አዳሪ ተማሪዎች የሚማሩበት ክፍል የቅዱስ ዮሴፍ አካዳሚ ተባለ፤ ለእነርሱም ከተለመደው ትምህርት በላይ ሙዚቃና ፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ከአዳሪዎቹ በሚገኘው ገንዘብ ተመላላሾቹ የድኻ ልጆች ይማሩበት ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ድኾቹን የመጀመሪያ ዓላማ፣ ባለጠጎቹን በኋላ የመጣ መዘናጋት አድርገው ይጽፋሉ፤ ሒሳቡ ሲታይ ግን አካዳሚው ባይኖር ነፃው ትምህርት ቤት ሁለተኛውን ክረምት ማየቱ ያጠራጥራል። የእናት ሴተን ዋና ጥበብም በጽሑፎቻቸው ካለው መንፈሳዊነት ባላነሰ በዚህ የመዝገብ አያያዝ ይታያል፤ የከሰረ ነጋዴ ሚስት እንደ ነበሩና ገንዘብ ሲጠፋ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ በዓይናቸው እንዳዩ አይዘነጋም።

ይህ አኗኗር ግን ሕግ ያስፈልገው ነበር። በ1633 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ በፓሪስ የመሠረቱት የፍቅር ልጆች የሚባል የሴቶች ማኅበር ነበረ፤ እነዚህ እህቶች በገዳም ቅጥር ተዘግተው ሳይሆን በመንደር እየዞሩ በሽተኛና ድኻን የሚያገለግሉ ናቸው። የዚህ ማኅበር ሕግ በ1810 በጳጳሱ በፍላዤ እጅ ከፈረንሳይ መጣ፤ በአሜሪካም ልክ ከተስተካከለ በኋላ በ1812 መጀመሪያ በሊቀ ጳጳሱ ጸደቀ። ማስተካከያው ሁለት ታላላቅ ነገሮች ነበሩት፦ አንደኛው ትምህርት ከማኅበሩ ዋና ሥራዎች እንዲሆንና ከፋይ ተማሪም እንዲፈቀድ፣ ሁለተኛው እናት ሴተን የማኅበር አለቃ ሳሉ የልጆቻቸው አሳዳጊ ሆነው እንዲቀጥሉ ነው። መነኩሲትና የአምስት ልጆች እናት በአንድ ሰው መገኘታቸው ለዘመኑ እንግዳ ነገር ስለ ነበረ ካሮል በጥንቃቄ መረመሩት፤ እናት ሴተን ግን ከልጆቻቸው የሚለያቸውን ሕግ ፈጽሞ እንደማይቀበሉ አስቀድመው አስታውቀው ነበር። ሆኖም ልጆቻቸው በዚያው ሸለቆ ነቀርሳ እየያዛቸው፣ አና ማሪያ በ1812፣ ርብቃም በ1816 አረፉ፤ ራሳቸውም በዚያው በሽታ በጃኑዋሪ 4 ቀን 1821 በ46 ዓመታቸው አረፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው ይህ ትምህርት ቤት በአሜሪካ የመጀመሪያው የቁምስና ትምህርት ቤት ነው መባሉ ነው። ቁምስና በአንድ ካህን የሚጠበቅ የምእመናን አጥቢያ ነው፤ የኤሚትስበርጉን ቤት ግን ይመራ የነበረው የእህቶች ማኅበር እንጂ ቁምስና አልነበረም፤ ከእርሱም አስቀድሞ የኡርሱላ ደናግል በ1727 በኒው ኦርሊየንስ ማስተማር ጀምረው ነበር። ስለዚህ አርአያነቱ እውነት ሲሆን ቀዳሚነቱ የተጋነነ ነው። ሁለተኛው፣ ሜሪላንድ እስከ 1864 ድረስ ባርነት የጸናባት ግዛት ነበረች፤ የተራራው ኮሌጅም ሳይቀር በባሪያ ጉልበት ይገለገል ነበር። የጥቁሮች ልጆች ትምህርት ሌላ ደጅ ፈለገ፤ እርሱም በ1828 ሜሪ ኤልሳቤጥ ላንጅ በባልቲሞር የከፈቱት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት ከእርሱ የጥቁር ደናግል የመጀመሪያ ማኅበር ተወለደ።

ነገሩ ወደ ቀደመው ይመለስ። እህቶቹ ከኤሚትስበርግ በ1814 ወደ ፊላዴልፊያ፣ በ1817 ወደ ኒው ዮርክ ተልከው የሙት ልጆች ቤት ያዙ። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን ሕጉ አከራከረ፤ በ1846 እህቶች ወንድ ሙት ልጆችን ያሳድጉ ወይስ አያሳድጉ በሚለው ጥያቄ የኒው ዮርኮቹ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። የኤሚትስበርጎቹ በ1850 ከፓሪሱ የፍቅር ልጆች ማኅበር ጋር ተዋሕደው፣ የእናት ሴተንን ጥቁር የመበለት ልብስና ቆብ ትተው ኮርኔት የተባለውን ክንፍ የመሰለ ነጭ የራስ መሸፈኛ አደረጉ።

በ1863 በጁን ወር አጋማሽ በከተማይቱ እሳት ተነሥቶ ከ50 የሚበልጡ ቤቶችን አቃጠለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ሠራዊት በቅዱስ ዮሴፍ ሜዳ ሰፈረ፤ እህቶቹም ለወታደሮቹ ዳቦ ሲጋግሩ ሰነበቱ። ሠራዊቱ ተነሥቶ ሄደ፤ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጌቲስበርግ ታላቁ ውጊያ ሆነ፤ ውጊያውም ሲያበቃ እህቶቹ ከካህናቸው ጋር ፋሻና ስንቅ ጭነው ሄደው የሁለቱንም ወገን ቁስለኞች ሳይለዩ አስታመሙ።

በ1884 የአሜሪካ ጳጳሳት በባልቲሞር በጉባኤ ተሰብስበው እያንዳንዱ ቁምስና በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ደነገጉ። ሥርዐቱ እያደገ ሄዶ በ1960ዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ ያንን ሁሉ ሕዝብ የተሸከሙትም ያለ ደመወዝ ማለት በሚቻል አበል የሚያስተምሩ ደናግል ነበሩ። ከዚያ በኋላ የደናግሉ ቁጥር ሲያሽቆለቍል ደመወዝ የሚከፈለው ምእመን መምህር ተተካ፤ ክፍያው ናረ፤ ዛሬ የተማሪው ቁጥር 2 ሚሊዮን አይሞላም። ከአካዳሚው ያደገው የቅዱስ ዮሴፍ ኮሌጅም በ1973 ተዘጋ፤ ቅጥሩን በ1979 የፌዴራሉ መንግሥት ገዝቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብሔራዊ ማሠልጠኛ አደረገው፤ በ1863 በእሳት ለነደደች ከተማ ይህ የአጋጣሚ ነገር ሆነ።

እናት ሴተን በሴፕቴምበር 14 ቀን 1975 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስት ተባሉ፤ በአሜሪካ ተወልደው ለዚህ ማዕርግ የበቁ የመጀመሪያዋ ናቸው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 26 ቀን፣ በ1839 ወደ ዓድዋ ገብተው በትግራይ ያስተማሩት አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ቅዱስ ተባሉ። እርሳቸው ቅዱስ ቪንሰንት በ1625 ከመሠረቱት የወንዶች ማኅበር፣ ላዛሪስት ከሚባለው ናቸው፤ የፍቅር ልጆችም በ19ኛው ምዕት ዓመት ወደ ከረን ወጥተው ልጆች አስተምረዋል። ስለዚህ የኤሚትስበርግ ልጅና የከረን ልጅ በአንድ ሕግ በሚተዳደሩ እህቶች እጅ ፊደል ቈጥረዋል ማለት ነው።

ነጩ ቤት ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። የማስተማሩን ሥራ በከተማይቱ የያዘው በእናት ሴተን ስም የሚጠራው፣ የፍቅር ልጆች የሚደግፉት ትምህርት ቤት ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ወንድና ሴት፣ ካቶሊካዊም ያልሆነም ልጅ ይቀበላል። ነፃ የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቷል፤ ወላጅ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ርዳታ ይፈለጋል፤ የመዝገቡ ሁለት ዓምድም በ1810 እንደ ነበረው ከፋዩንና የማይከፍለውን ለማገናኘት እስከ ዛሬ ይደመራል።