በእግዚአብሔር ማመን ከአእምሮ ጋር ይስማማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ቤቴል የሚባል ሰፈር አለ። ነዋሪው ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል፤ ትርጓሜውን ግን ሁሉ ሰው አያስበውም። ቤቴል በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ያዕቆብ ነው። ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ሲሄድ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ፤ በሕልሙም ሰማይ የሚደርስ መሰላል አየ። በነቃ ጊዜ፥ እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ ሳለ እርሱ እንዳላወቀ ተናገረ፤ የተንተራሰውንም ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው (ዘፍ. 28)። እንግዲህ ሰው ስላላወቀ እግዚአብሔር የለም ማለት አይደለም።

ዛሬ ከተማሩት ልጆቻችን አንዳንዶቹ፥ «ማመን አእምሮን መተው አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል እንጂ ቁጣ አይገባውም። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን፥ አምላክ የለም የሚለው ትምህርት በመንግሥት ኃይል ተደግፎ ይሰጥ ነበር። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ነገርን በግድያ የሚመልስ ሁሉ ማስረጃ እንዳጠረው በራሱ ላይ ይመሰክራል። እኛም ጠያቂውን በቁጣ ዝም ብናሰኘው በዚያው ስሕተት እንወድቃለን። ስለዚህ በምክንያት እንመልስ።

ቤት ሁሉ ሠሪ እንዳለው፥ ሁሉን የሠራው ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሐዋርያው ያስረዳናል (ዕብ. 3፥4)። በቤቴል አዲስ ቤት ቆሞ ያየ ሰው፥ ግንበኛውን ባያይ እንኳ፥ ድንጋዩ ራሱን ደረደረ አይልም። የሳይንስ ሊቃውንት የፍጥረት ሕግ እንዴት እንደሚሠራ መርምረው ይነግሩናል፤ እናመሰግናቸዋለን። ሕግ የሚጸናበት ዓለም ስለ ምን ኖረ? የሚለው ጥያቄ ግን ገና ይቀራል። ይህን ጠይቆ ወደ ፈጣሪ የሚደርስ አእምሮ ሥራውን ፈጸመ እንጂ አልተወም።

አባቶቻችንም ሳያስቡ አላመኑም። እንደ ያዕቆብ እነርሱም የድንጋይ ምስክር አቁመውልናል። በ4ኛው ምዕት ዓመት የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና፥ ቀድሞ ባስቀረጻቸው ጽሑፎች የማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር። በኋላ ስለ ኖባ ዘመቻ ባስጻፈው ግን ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ መሆኑን ይናገራል፤ በግሪክኛው ጽሑፉም አብን፥ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የክበብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ። የአምላክ ልጅ ይባል የነበረ ንጉሥ የአምላክ አገልጋይ ለመባል ወደደ።

«ይህን ያደረገው ከሮም ጋር ለመወዳጀት ነው» የሚል ቢኖር፥ ቀጥሎ የሆነውን ይመልከት። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ገደማ ቆስጠንጢዮስ ቄሣር ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ቅዱስ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠየቀ። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ከአትናቴዎስ ሃይማኖት አልወጣችም። ሃይማኖት ለጥቅም ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ከኃያሉ ቄሣር ጋር በዞረ ነበር።

የአንድ ንጉሥ ማመን ብቻውን የእግዚአብሔርን መኖር አያስረዳም። ነገር ግን በግሪክ፥ በግዕዝና በሳባ ፊደል የሚጽፍ፥ በባሕር የሚነግድ፥ የወርቅ ገንዘብ የሚቀርጽ መንግሥት እንዳመነ ስናይ፥ እምነት የአላዋቂዎች መሸሸጊያ ነው የሚለው ቃል ይወድቃል።

ሆኖም አእምሮ የሚያደርሰን እስከ ደጁ ነው። ልጇን የቀበረች እናት፥ «እግዚአብሔር ካለ ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብላ ስታለቅስ፥ የቤትና የግንበኛ ምሳሌ አያጽናናትም። እኛም የጥያቄዋን ሁሉ ፍቺ እናውቃለን ብለን አንታበይም። ነገር ግን ቤቴል ያለበት ክፍለ ከተማ ሌላ ስም አለው፤ ቀራንዮ። በዚያ ስም የምናስበው፥ ፈጣሪ መከራችንን ከሩቅ የሚመለከት ሳይሆን በሥጋው የተቀበለልን መሆኑን ነው። አእምሮ ወደ ቤቴል ይመራናል፤ ፍቅር ግን የሚታወቀው በቀራንዮ ነው።

የሚጠይቁትን ልጆቻችንን በትዕግሥት የምናስተምርበትን ጥበብ እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።