አሮጌ ፋብሪካዎች፡ ማፍረስ ወይስ ከአየር ንብረቱ ጋር አስማምቶ ማደስ?

በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ወደብ እአአ በ1924 ሥራ የጀመረው የእህል ጎተራ 57 ሜትር ከፍታ አለው። በዘመኑ ከሰሃራ በታች ባሉ አገራት በርዝመት የሚስተካከለው ሕንፃ እንዳልነበረ ይነገራል። እአአ በ2001 አገልግሎቱ ሲያበቃ ግን ማንም የማይፈልገው የኮንክሪት ክምር ሆነ።

ከ16 ዓመታት በኋላ፣ እአአ በ2017፣ ይኸው ጎተራ የዘመናዊ አፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በእንግሊዛዊው ዲዛይነር ቶማስ ሄዘርዊክ የሚመራው ቡድን ሕንፃውን ከማፍረስ ይልቅ 42ቱን ረጃጅም የኮንክሪት ቱቦዎች ከውስጥ ቆርጦ ሰፊ አዳራሽ አወጣላቸው።

ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የባቡር ጥገና ጣቢያዎች በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ዋጋው በናረ የከተማ መሬት ላይ ስለሚገኙ የመፍረስ ዕጣ ያንዣብብባቸዋል። ከአየር ንብረት ጋር የተስማማ ወይም ባዮክላይማቲክ የሚባለው የሥነ ሕንፃ ንድፍ ሌላ አማራጭ ያቀርባል።

ባዮክላይማቲክ ንድፍ ምንድን ነው?

ሐሳቡን በሥርዓት ካደራጁት መካከል ትውልደ ሃንጋሪው አሜሪካዊ አርክቴክት ቪክቶር ኦልጂያይ አንዱ ነው። እአአ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አርክቴክት በቅድሚያ የቦታውን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና የፀሐይ አቅጣጫ እንዲያጠና አሳስቧል። ቀጥሎ የሰው አካል የሚመቸውን ሁኔታ ይለያል፤ ከዚያም የሕንፃውን ቅርጽ ይወስናል። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ጥበቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የሐረር ጥንታዊ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግንብ የቀኑን ሐሩር ያዘገያል። በምፅዋ የሚታዩት የእንጨት ፍርግርግ ያላቸው ሰገነቶችም ፀሐዩን ከልለው የባሕሩን ነፋስ ያስገባሉ።

የድሮ ፋብሪካዎች ምን ጥቅም አላቸው?

ብዙዎቹ የተገነቡት የኤሌክትሪክ መብራት ውድ፣ የአየር ማቀዝቀዣም ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ሠራተኛው እንዲያይና እንዲተነፍስ ሕንፃው ራሱ መሥራት ነበረበት። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፋፊ መስኮት፣ ወፍራም ግድግዳ እና በጣሪያው አናት ላይ የአየር መውጫ የተለመዱ ነበሩ። ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ ወደ ላይ ወጥቶ በአናቱ ቀዳዳ ሲሾልክ ቀዝቃዛው በታችኛው መስኮት ይገባል።

በእድሳት ወቅት ይህን ሥርዓት ሳያውቁ ማበላሸት ቀላል ነው። የላይኛው መውጫ ሲደፈን፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ሲመታና መስኮቱ በማይከፈት መስታወት ሲተካ ቀድሞ በራሱ ይተነፍስ የነበረው አዳራሽ ቀኑን ሙሉ በማሽን መቀዝቀዝ ይኖርበታል።

ከአውሮፓ የተቀዳውን ሁሉ እንዳለ ማቆየትም አያዋጣም። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው የፋብሪካ ጣሪያ በአውሮፓ መስታወቱን ወደ ሰሜን የሚያዞረው ቀጥተኛ ፀሐይን ለመሸሽ ነው። እንደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ባሉ ለምድር ወገብ ቅርብ ከተሞች ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ክረምት ላይ ደመናው ቢጋርድም በግንቦት ሐሩር ያ መስታወት ጥላ ያስፈልገዋል።

በዚህ አካባቢ ከግድግዳ ይልቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጣሪያ ነው፤ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል ከፍተኛውን ሙቀት የሚቀበለው እርሱ ነው። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ ከሥሩ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ማድረግ ወይም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትቶ ሁለተኛ ጣሪያ መደረብ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ደግሞ ዝቅ ብላ የምትገባውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዛፍ ወይም ቋሚ መከለያ ይመክታታል።

አንድ መፍትሔ ለሁሉም ከተማ ይሠራል?

አይሠራም። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፣ ወፍራሙ ግንብና ኮንክሪቱ በሌሊት አየር ቀዝቅዞ ቀኑን ሙሉ ውስጡን ያበርዳል። በዚምባብዌዋ ሐራሬ እአአ በ1996 የተጠናቀቀው ኢስትጌት የተባለው ሕንፃ ለዚህ ይጠቀሳል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የምስጥ ኩይሳ አየር ከሚያዘዋውርበት መንገድ ሐሳብ ወስዶ፣ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር በወለሎቹ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጓል። ኢስትጌት አዲስ ግንባታ ቢሆንም መርሑ ወፍራም ግንብ ላለው አሮጌ ፋብሪካም ያገለግላል።

በጂቡቲና በምፅዋ ግን ሌሊቱም ሞቃትና እርጥበታማ ነው። በዚያ ሙቀት የሚያከማች ግድግዳ ሸክም ይሆናል፤ ጥላና ያልተቋረጠ የነፋስ መተላለፊያ ይበልጥ ይጠቅማሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የጠዋትና የማታ ቅዝቃዜ በመሆኑ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ ወደ ውስጥ እንድትገባ መፍቀድ ተገቢ ነው።

ማደስ ለአካባቢ ምን ይጠቅማል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳለው፣ እአአ በ2021 ከኃይል አጠቃቀምና ከኢንዱስትሪ ሂደት ጋር ከተያያዘው የዓለም ካርበን ዳይኦክሳይድ ልቀት 37 በመቶ ገደማው ከሕንፃዎችና ከግንባታ ዘርፍ የመጣ ነው። ከዚህ ከፊሉ የሚለቀቀው ሲሚንቶና ብረት ሲመረቱ፣ ማንም ወደ ሕንፃው ሳይገባ በፊት ነው። አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ያ ሁሉ ብክለት ከንቱ ይቀራል፤ በምትኩ ለሚቆመው ደግሞ እንደ አዲስ ይለቀቃል። ሲሚንቶና ብረት ለሚወደድበት አገር ነገሩ የኪስም ጉዳይ ነው።

አደጋዎቹስ?

ሁሉም አሮጌ ሕንፃ መዳን አለበት ማለት አይደለም። በርካታ የድሮ ጣሪያዎች ለካንሰር የሚያጋልጠውን አስቤስቶስ ይዘዋል፤ ያለ መከላከያ መስበርና መቁረጥ ሠራተኛውንም ጎረቤቱንም ለአደጋ ይዳርጋል። በዘይትና በኬሚካል የተበከለ አፈር፣ የዛገ ብረትና የተሰነጠቀ ምሰሶም አስቀድመው መመርመር አለባቸው።

ሌላው ጥያቄ ማን ይጠቀማል የሚለው ነው። በኬፕታውኑ ጎተራ አናት ላይ ቅንጡ ሆቴል አለ፤ የታደሰ ሰፈር ኪራዩ ንሮ ነባሩን ነዋሪ ሊያፈናቅልም ይችላል። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ የሆነው ለየት ይላል። አርክቴክቷ ሊና ቦ ባርዲ የድሮውን የበርሜል ፋብሪካ ስትጎበኝ የሰፈሩ ቤተሰቦችና ሕፃናት ቀድሞውኑ ሲዝናኑበት አየች። እአአ በ1982 በከፊል የተከፈተው ማዕከል ያንኑ ሕይወት ጠብቆ ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትርና መመገቢያ ጨመረለት።

ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እአአ በ1902 የደረሰባት ድሬዳዋ፣ ከተማነቷን ያገኘችው ከባቡሩ ጋር ነው። የቀድሞው የጥገና ወርክሾፕ አሮጌ ማሽኖቹን እንደያዘ አለ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከከተማዋ ውጪ ባለ ሌላ ጣቢያ ያስተናግዳል። እንዲህ ዓይነት ሕንፃዎች ዕጣቸው ከመወሰኑ በፊት ጣሪያቸው፣ ግድግዳቸውና የነፋስ መግቢያቸው ቢጠና መልሱ ከግምት ይልቅ በልኬት ላይ ይቆማል። አንዴ ከፈረሱ በኋላ ግን የሚለካ ነገር አይኖርም።