የመጓጓዣ ጌጥ፤ ከባለ ግላስ በቅሎ እስከ ጎሮ ባጃጅ

ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት የፈረስ ስም በትምህርት ቤት ብዙ ሰምተናል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ አይገኝም። በፈረሱ ላይ ስለሚጫነው ዕቃ፣ ይኸውም ስለ ኮርቻው፣ ስለ ግላሱ፣ ስለ ልጓሙና ስለ እርካቡ ግን ሲነገር የምንሰማው እጅግ ጥቂት ነው። ዕቃውን ማን ሠራው? ዋጋውን ማን ከፈለ? እንዲያጌጥበት ለማን ተፈቀደ? ለማንስ ተከለከለ? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ ማኅበር ክብርን እንዴት እንደሚያከፋፍል የሚገልጹ ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን አሮጌ ዜና መዋዕል ሳይሆን በምሥራቅ አዲስ አበባ በጎሮ የሚሠሩት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ናቸው። ጎሮ ከገርጂና ከጃክሮስ አልፎ የሚገኝ፣ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ገበሬ የሚያርሰው መሬት የነበረ ሰፈር ነው። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ ዋናው መንገድ ቀድሞ ደረሰ፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባው የድንጋይ ንጣፍና የአፈር መንገድ ግን ለአውቶቡስም ለሚኒባስም የሚመች አልነበረም። ባጃጅ እንጀራውን ያገኘው በዚህ ክፍተት ነው።

ባጃጅ ከሻጩ እጅ ሲወጣ ከቀለም ቅብ ቆርቆሮ፣ ከሸራ ጣሪያና ከአንድ የፊት መስተዋት በቀር ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ቢያዩት ግን ሌላ ይመስላል። ወንበሩ ባለ ሁለት ቀለም የሆነ ቆዳ መሰል ልብስ ለብሷል፤ በመሪው ላይ የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ዘርፍ ተንጠልጥሏል፤ ከፊት መስተዋቱ በላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የእመቤታችን ሥዕል፣ በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ማሻአላህ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ዓርማ ከቅዱሱ ሥዕል አጠገብ ያለ አንዳች ጠብ ይቀመጣል። ከኋላ ምቀኛ አታሳጣኝን የመሰለ ቃል ይጻፋል። ሲመሽም በጣሪያው ጠርዝ የተዘረጋው ትንንሽ መብራት ሰማያዊና ቀይ እየሆነ ይበራል። እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካው የመጡ አይደሉም፤ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ምርምራችንም የሚመለከተው እነዚህን የተጨመሩትን ነገሮች ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ጌጥ የፈረንጅና የህንድ ፊልም ያመጣው እንግዳ ልማድ ነው ሲሉ ይሰማል። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም፤ ምክንያታችንን ለማስረዳት ወደ በቅሎው መመለስ ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ መኰንን ሲጓዝ የሚቀመጠው በበቅሎ ነው። ፈረሱ ለጦር ሜዳ ስለሚፈለግ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ጌጡን እንደ ለበሰ ከጎኑ ይሳባል። ኮርቻው በቆዳ የተለበጠ እንጨት ነው። ከኮርቻው ላይና በታች የሚዘረጋው ግላስ በደህናው ጊዜ ከቀይ ቆዳ ወይም ከውጭ አገር ጨርቅ ተሠርቶ በሐር ክር ይጠለፋል፤ የልጓሙ ጠፍሮች የብር ወይም የናስ ፈርጥ ይደረደርባቸዋል፤ በአንገቱ ላይ ማርዳ ይታሠራል። እርካቡ ጠባብ ቀለበት ነበረ፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ስለ ነበረ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ሠዓሊዎቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ ሲሥሉ ለፈረሶቹ ያለበሱት የሮማን ወይም የቂሣርያን ዕቃ ሳይሆን በየዘመናቸው በዓይናቸው ያዩትን የኢትዮጵያ መኳንንት ዕቃ ነው፤ የቅዱሱ አውራ ጣት እንኳ በቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ በባጃጅ መስተዋት ላይ የተለጠፈውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው በጌጠኛ ተሽከርካሪ ላይ ጌጠኛ ፈረስ ተጭኖ ያያል።

በዚያ ዘመን ጌጥ እንደ ፈቀዱ የሚገዙት ነገር አልነበረም። በወርቅ ማጌጥ የንጉሥን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በቅሎ ከነሙሉ ዕቃዋ መሸለምም ከሹመት ጋር የሚሄድ ክብር ነበረ። ጌጡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተሸለመው ሰው በአደባባይ ሲያልፍ ሕዝቡ ግላሱንና ማርዳውን አይቶ የማን ሰው እንደ ሆነና ምን ያህል እንደ ከበረ ያውቃል። የሚያሳዝነው ቆዳውን የሚያለፋውና ብሩን የሚያነጥረው ባለ ሙያ በማኅበራዊ ኑሮው ዝቅ ተደርጎ መታየቱ ነው። ዕቃው ያስከብር ነበር፤ ሠሪው ግን አይከበርም ነበር።

ሞተር የመጣው በዚህ ሥርዐት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ዐፄ ምኒልክ ተቀመጡባቸው። ሞተር ያለው ነገር በብዛት የታየው ግን በወረራው ጊዜ ነው፤ በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስታራቼ ጦርና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው የባዶሊዮ ጦር በካሚዮን የተጓዙ ነበሩ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲሄድ ቃሉ በጋራዥ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ፣ የጎን መስተዋቱን ስፖኪዮ፣ የመታጠፊያ መብራቱን ፍሬቻ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ፣ ጎማ የሚጠግነውን ሰው ጎሚስታ እንላለን። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የአገር ቃል ቦታውን አልለቀቀም፤ የብስክሌት መቀመጫ ዛሬም ኮርቻ ይባላል። ሰው በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ የሚቀመጥበት ነገር ምንም ቢሆን ለአማርኛ ተናጋሪ የፈረስ ወገን ነው ማለት ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በ1903 እ.ኤ.አ. በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው ሐርሌይ ዴቪድሰን የሚሠራቸው ከባድ ሞተር ሳይክሎች ባለቤቶቻቸው በልዩ ልዩ ዕቃ የሚያስጌጧቸው ናቸው፤ ከዕቃዎቹም መካከል ዋነኛው በኋለኛው ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው የቆዳ ኮሮጆ ነው። ይህ ኮሮጆ የአሜሪካ ከብት ጠባቂ በፈረሱ ኮርቻ ላይ ያንጠለጥለው የነበረው ነው፤ ፈርጡና የቆዳ ዘርፉ ሳይቀር ከፈረስ ወደ ሞተር ተዛውሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ብዙ ወጣቶች በተቃራኒው መንገድ ሄዱ፤ ከጦር ሠራዊት የተረፈውን ሞተር ሳይክል ገዝተው የፊት ፓራፋንጎውን ነቅለው ጣሉ፤ ቀጥሎም የፊቱን ሹካ አስረዘሙት። መጨመርም ሆነ መቀነስ አሳቡ አንድ ነው፤ ፋብሪካው ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ የሠራውን ዕቃ የራስ ማድረግ ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞድስ የተባሉት ወጣቶች በቬስፓና በላምብሬታ ላይ ብዙ መስተዋትና መብራት ይደረድሩ ነበር።

ቬስፓን ያነሣነው በምክንያት ነው። የጣልያኑ ፒያጅዮ ኩባንያ ቬስፓን በ1946 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ1948 ደግሞ ከዚያው ሞተር ሳይክል አፔ የተባለውን ባለ ሦስት እግር ጭነት አመላላሽ ሠራ። በህንድ አገር ቬስፓን ያስመጣ የነበረው የባጃጅ ቤተሰብ ኩባንያ በኋላ ፈቃድ አግኝቶ በአገሩ ይሠራ ጀመር። ባጃጅ እንግዲህ የአንድ የህንድ ነጋዴ ቤተሰብ ስም ነው፤ የቤተሰቡ አባት ጃምናላል ባጃጅ የማሃትማ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ስማቸው በጎሮ ሠርክ ሲጠራ ይውላል፤ የሌላ ኩባንያ የሆነው ቲቪኤስ እንኳ በሕዝቡ አፍ ባጃጅ ነው። ከትውልዱ እንደምንረዳውም ባጃጅ የመኪና ታናሽ ሳይሆን የሞተር ሳይክል ልጅ ነው። መሪው ክብ አይደለም፤ በሁለት እጅ የሚያዝ ቀንድ ነው። ነጂው ከፊት ብቻውን እንደ ፈረሰኛ ይቀመጣል። ምናልባት ከሚኒባስ ይልቅ ለጌጥ የሚጋብዘው ይህ ይሆናል።

ጌጡ ከየት ይመጣል? መለዋወጫው ከመርካቶ ከሶማሌ ተራ ይገዛል፤ መብራቱና ተለጣፊው አብዛኛው የቻይና ሥራ ነው። ወንበሩን የሚያለብሰው ግን የአገራችን ታፒሴሪ ነው። ስሙ ከውጭ ቋንቋ ቢመጣም ሥራው የግላስ ሰፊው ሥራ ነው፤ ቆርጦ፣ ስፖንጅ ሞልቶ፣ በድርብ ስፌት ወጥሮ በሁለት ቀለም ያሳምረዋል። በየከተማው ጋሪ በሚጎትቱ ፈረሶች ግንባር ላይ የሚታየው ቀይ የክር ዘለላና በባጃጅ መሪ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ጎን ለጎን ቢታዩ ዝምድናቸው ማስረጃ አያሻውም። የጋሪው ፈረስ በበቅሎውና በባጃጁ መካከል ያለ ድልድይ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ጌጡን ከመኰንኑ ተቀብሎ ለሠራተኛው ያስተላለፈ እርሱ ነውና።

ትልቁ ልዩነት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ከባጃጅ ነጂዎች ብዙዎቹ የባጃጁ ባለቤት አይደሉም። ነጂው በየቀኑ ለባለ ንብረቱ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። እንግዲህ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሥዕልና መብራት የሚለጥፍ ሰው አለ ማለት ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ብክነት ይለው ይሆናል። እኛ ግን የሚከተለውን እንገምታለን። በአንድ ተራ ላይ ዐሥር አንድ ዓይነት ባጃጆች ቢሰለፉ ተሳፋሪው የሚያስታውሰው ባለ ቀይ ወንበሩን ወይም ባለ ዘፈኑን ነው፤ ማታ ወደ ቤቷ የምትገባ ሴትም የምታውቀውን ባጃጅ መርጣ ትሳፈራለች። ሁለተኛም ነጂው ከንጋት እስከ ምሽት የሚውልበት ቦታ ይኸው አንድ ክንድ የማይሞላ ወንበር ነው፤ ቤት የሚከራይ ሰው ግድግዳው የእርሱ ባይሆንም ሥዕል ይሰቅልበታል። ድሮ ጌጡ ከጌታ ወደ ሎሌ ይወርድ ነበር፤ ዛሬ ሠራተኛው ራሱን ይሸልማል። የፈረስ ስምም ከጌታው ፈረስ ወጥቶ የኋላ መስተዋት ላይ ወጣ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፈቃድና ክልከላ ግን አልቀሩም። የአዲስ አበባ መስተዳድር ከወንጀል ጋር በተያያዘ ምክንያት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። በሌላው ዓለም ወጣቱ የሚያስጌጠው ሞተር ሳይክል በጎሮ እምብዛም የማይታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ ደግሞ ባጃጆች በመላው ከተማ ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ በኋላም ደንብ ወጥቶላቸው በተወሰነላቸው መስመር ተመለሱ። በእነዚያ ቀናት ከዋናው መንገድ ርቆ የሚኖረው ሕዝብ በእግሩ ሄደ፤ ነጂውም የዕለት ገቢውን አጣ። ለወንበር ልብስ ያወጣውን ገንዘብ ግን የሚመልስለት አልነበረም፤ ጌጥ ከተለጠፈ በኋላ ተነቅሎ አይሸጥም።

በጌጡ ላይ የሚቀርበው ወቀሳ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። የፊት መስተዋቱን እኩሌታ የሚሸፍን ተለጣፊ የነጂውን ዓይን ይጋርዳል፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፤ የድምፅ ማጉያውም በሽተኛ ላለበት ቤት መከራ ነው። ይሁን እንጂ የአደጋውን ጥያቄ ከጌጡ ጥያቄ መለየት ይቻላል። የወንበር ልብስና የመሪ ዘርፍ ማንንም አይገጩም።

የመኳንንቱ ኮርቻና ግላስ በቤተ መዘክር ይጠበቃል። በጎሮ ያለው የወንበር ልብስ ግን በየዓመቱ እየተቀደደ ይጣላል፤ ባጃጁ ሲሸጥም አዲሱ ነጂ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የቀድሞውን ሰው ጽሑፍ በቢላዋ መፋቅ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ለእነዚህ ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ ቢሰጥ፣ ተማሪዎችም ጽሑፎቹን ከመፋቃቸው በፊት እየዞሩ ቢመዘግቡ ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለመጀመሪያው ዙር የጎሮ አደባባይና ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገቡት መንገዶች ይበቃሉ።