የዋግሹሙ ስምና የመበለቲቱ ምሰሶ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ ዙፋኑ ብዙ ባዶውን አልሰነበተም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ዞብል ላይ ዐፄ ተባሉ። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገድለውባቸዋል፤ እርሳቸውም ሸፍተው ላስታን ይዘው ዓመታት ኖረዋል። ለንግሥና የመረጡት ስም ተክለ ጊዮርጊስ ነበር።

ስሙ በጎንደር ቤተ መንግሥት የታወቀ ነው። በዘመነ መሳፍንት ደጅ ከዙፋን እየወረዱ፣ መልሰው እየወጡ የኖሩትና ታሪክ "ፍጻሜ መንግሥት" የሚላቸው ንጉሥም ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ጎበዜ የእኒያን ዕድል ተመኝተው ስሙን ወሰዱ ማለት ይከብዳል። ለእኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ሥልጣን በ1262 ዓ.ም. ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር የዋግ ቤት ክብሩን እንደያዘ ቀረ የሚለው ትውፊት ሰቆጣ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ ላስታ ውስጥ ደግሞ ዛጉዌዎች ከአንድ ወጥ ድንጋይ ያስፈለፈሉት ቤተ ጊዮርጊስ አለ። ንጉሥ ላሊበላ ሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ጨርሶ ሳለ ሰማዕቱ በፈረስ መጥቶ "የእኔ ቤት የት አለ?" ብሎ ወቀሰው ይባላል፤ በመግቢያው ድንጋይ ላይ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባለው ምልክት እስከ ዛሬ ለተሳላሚ ይታያል። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ወደ ዙፋን ሲሄድ የማንን ስም እንደሚይዝ መገመት አያስቸግርም።

ያ በፈረስ የመጣው ጊዮርጊስ ግን በገድሉ ውስጥ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። ለእኔ የነገሩ እንብርት እዚህ ላይ ነው።

ገድሉ የሚተርከው የቀጰዶቅያን ወጣት ነው። አባቱ ሹም ነበር፤ እናቱ የልዳ ሰው ናት። አባቱ ሲሞት ሹመቱን ለመቀበል ወደ ንጉሥ ዱድያኖስ ሄደ። ዱድያኖስ ሰባ ነገሥታት ሰብስቦ ጣዖት ሲያሰግድ ደረሰ። ወጣቱ ሹመቱን ተወ፤ ገንዘቡን ለድሆች በተነና በአደባባይ ክርስቲያን ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ዓመት መከራ ነው። በእጁ ጦር የለም፤ የገደለውም ሰው የለም። ይታሰራል፣ ይገረፋል፣ በተሳለ መንኮራኩር ይከተፋል፣ ሦስት ጊዜ ይሞታል፣ ሦስት ጊዜ ይነሣል። አትናስዮስ የሚባል መሠርይ መርዝ ቀምሞ ያጠጣዋል። መርዙ ምንም ሳይለው ቢቀር መሠርዩ ራሱ አምኖ ሰማዕት ይሆናል። የንጉሡ ሚስት ሳትቀር ታምናለች፤ ባሏም ያስገድላታል። አጥንቱን ፈጭተው ይድራስ በሚባል ተራራ ላይ በነፋስ ይበትኑታል። ጥር 18 ቀን "ዝርወተ ዐፅሙ" ተብሎ የሚከበረው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱ ተሰየፈ።

የውጭ አጥኚዎች ይህን ገድል ሲያነቡ ግራ መጋባታቸው አልቀረም። የሮም ታሪክ የሚያውቀው የ4ኛው መቶ ዓመት መባቻ አሳዳጅ ዲዮቅልጥያኖስ ነው እንጂ ዱድያኖስ የሚባል የፋርስ ንጉሥ አይደለም። የሮሙ ፓፓ ገላስዮስ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጊዮርጊስን ገድል ለንባብ ካልተፈቀዱት መካከል አስቆጥረውታል ይባላል። በኋላ የግሪክ ጸሐፊዎች ዱድያኖስን አውጥተው ዲዮቅልጥያኖስን አስገቡ፤ ሦስቱን ሞትም ቀነሱ። የእኛ ገድል ግን የቆየውን መልክ ነው የያዘው። በግሪክ ከተገኙት ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደተጻፈ የሚታመነው፣ ያንኑ ዱድያኖስን ይጠራል። የቅዱሱ መቃብር ልዳ እንደነበር ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድስት ሀገርን የተሳለሙ መንገደኞች መዝግበዋል። ኅዳር 7 ቀን የምናከብረውም የልዳውን ቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴ ቤት ነው። ስለዚህ "ተረት ነው" ብሎ ገድሉን የሚገፋ ሰው ቢያንስ እጅግ ያረጀ ተረት መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ዘንዶው ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። የቤሩትን ልጅ ለዘንዶ ግብር ከመሆን ያዳነበት ታሪክ በአውሮፓ የተስፋፋው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በኛም ዘንድ የ15ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች ውስጥ ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ የሌለባቸው አሉ። በኋላ ዘንዶው ከፈረሱ እግር ሥር ገባ፣ ልጅቱ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ሥዕሉም በየደብሩ አንድ ዓይነት ሆነ። ዛሬ ከቢራ ጠርሙስ እስከ እግር ኳስ ክለብ ዓርማ ድረስ የምናየው ይኸው ፈረሰኛ ነው፤ መንኮራኩሩን ማን ዓርማ ያደርጋል?

ፈረሰኛውን ከሁሉ በላይ የወደዱት ነገሥታትና የጦር ሰዎች ናቸው። ዐድዋ ላይ የሆነው ይታወቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ነበር። ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ጦር ይዘው ከዘማቾቹ መካከል ነበሩ። ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የአራዳው ጊዮርጊስ ተሠራ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የደፉት እዚያ ነው።

ለዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ግን ስማቸው ድል አላመጣላቸውም። የነገሡት ያለ ጳጳስ ነበር፤ አቡነ ሰላማ ቀደም ብለው ዐርፈው ነበርና። የትግሬው ካሳ ምርጫ፣ የሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም፣ ከግብፅ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠመንጃ በእጃቸው ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ሲገናኙ የንጉሡ ሠራዊት በቁጥር ብዙ እጥፍ እየበለጠ ተፈታ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው ታሰሩ፤ በእስር እንዳሉም ዐረፉ። አማቻቸው ካሳ ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ከዚህ ቤት የወጣ አንድ ሌላ ሰው ግን መጨረሻው ከገድሉ ጋር ይቀራረባል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ የዋግሹም ከበደ ልጅ፣ ኢጣልያ አገሩን በያዘች ጊዜ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ዋግን አስነሥተው ተዋጉና ተሰዉ። ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ በሰቆጣና በኮረም ለሕዝብ አሳየው። ማስፈራሪያ ይሆናል የተባለው ራስ እርሳቸውን ሰማዕት አድርጎ አስቀራቸው።

የዋግ ገበሬ ግን ከዚህ ሁሉ ጦርና ዘውድ ይልቅ ሌላ ጊዮርጊስ ያውቃል፤ እኔም የምወደው እርሱን ነው። በገድሉ መካከል አጭር ክፍል አለች። ዱድያኖስ ሥቃይ አልበገር ሲለው ወጣቱን በረኃብ ለመግደል ያስባል። በከተማው ካሉት ሁሉ ድሃ የሆነች መበለት ቤት ያዘጋበታል። ቅዱሱ ቁራሽ እንጀራ ይለምናታል። በቤቷ ምንም የለም፤ ለእርሱ ልትለምንለት ወደ ጎረቤት ትወጣለች። ተመልሳ ስትመጣ የቤቷ ምሰሶ፣ ያ ስንት ዘመን የደረቀ እንጨት፣ ቅጠል አውጥቶ ከጣራው በላይ ወጥቷል፤ ማዕዷም ሞልቷል። ዕውርና ሽባ የነበረው ልጇም ይድናል።

ይህን ታሪክ ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ ባለው ደጋና ገደል ውስጥ የሚሰማ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ረኃብ ከዋግ ደጃፍ ላይ የነበረ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ እንግዳ የመጣበት ቤት ምን ዓይነት ኀፍረት እንደሚሰማው፣ የጎረቤት በር ማንኳኳት ምን እንደሚመስል መበለቲቱ ታውቃለች፤ አድማጩም ያውቃል። ሹም የሚጠራው ፈጥኖ ደራሹን ፈረሰኛ ነው። ገበሬው ደግሞ በባዶ ቤት አብሮ የተራበውን ይጠራል።

በወር በ23 የጊዮርጊስ ማኅበር ሲወጣ የሚታየውም ይኸው ነው። ተረኛው ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ ይዘክራል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ መንገደኛም ደሃም ገብቶ ይቋደሳል። ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ሲተላለፍ ተቀባዩ በወሩ ምን እንደሚያቀርብ ገና ላያውቅ ይችላል፤ ቢሆንም ይቀበላል። በገበያ የሚሸጠው ሥዕል ግን ዛሬም ዘንዶውን እንጂ ምሰሶውን አያሳይም። ለዋግ ደብር አዲስ ግድግዳ የሚስል ሠዓሊ ቢጠይቀኝ ፈረሱን ቀነስ አድርገህ ለመበለቲቱ ቤት ቦታ ስጥ እለው ነበር።